ቢያትሪስ ዝም ያለች ጊዜ

(በንባብ ክበባችን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት። ሳል ይዞኝ ያቋረጥኩበትን ቦታ ብቻ አውጥቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! «ክቡራትና ክቡራን» ማለት ነበረብኝ። ግን ግማሾቻችሁ ጎረቤቶቼ ናችሁ፣ ግማሾቻችሁን ደግሞ አስተምሬያችኋለሁ። ስለዚህ እንደምን ዋላችሁ ይበቃናል። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ጋሼ፣ እርስዎ ወደፊት ቢጠጉ ደስ ይለኛል። በኋላ ለእርስዎ ሥራ አለኝ። አይ፣ አሁን አልናገርም።

ዛሬ ያመጣሁላችሁ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእንግሊዝኛ «ማች አዱ አባውት ናቲንግ» ይባላል። ጸሐፊው ዊልያም ሼክስፒር ነው። እ.ኤ.አ. በ1598 እና በ1599 አካባቢ እንደተጻፈ ይታመናል፤ በ1600 ታተመ። እኔ «በባዶ ሜዳ ጫጫታ» እለዋለሁ።

ሼክስፒር ወደ አማርኛ የመጣው በብዛት በእንባ በኩል ነው። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ጁልየትን ሰጡን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን። ሁሉም መጨረሻቸው አስከሬን ነው። የሚገርመኝ የኛ ዘመናዊ ቲያትር ራሱ የተጀመረው በሳቅ መሆኑ ነው፤ በተክለ ሐዋርያት የአውሬዎች ኮሜዲያ። እና የሚያስቀው ሼክስፒር ምን አጠፋ? ዛሬ እሱን ልካሰው መጥቻለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ተውኔቱን ወረቀት ላይ እንዴት እንደምናነበው። ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ ምን እንዳደረጉት። ሦስተኛውን ስደርስበት ታዩታላችሁ።

ለማያውቁት ታሪኩን ቶሎ ልበለው። ቦታው ሜሲና ነው፤ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ። ከጦር ሜዳ በድል የተመለሱ ወንዶች በከተማዋ ገዥ በሊዮናቶ ቤት ያርፋሉ። ሊዮናቶ ሂሮ የምትባል ልጅ አለችው። እሱን አጎቴ የምትለው ቢያትሪስም እዚያው ናት። ክላውዲዮ የሚባል ወጣት ሂሮን ይወድና ሠርጉ በሳምንቱ ይቆረጣል። ጓደኛው ቤኔዲክ ግን ጋብቻ የሚባል ነገር አይጥመውም። ቢያትሪስም እንዲሁ። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ይሸረዳደዳሉ። ጓደኞቻቸው ሳምንቱ እንዳይረዝምባቸው ተንኮል ያስባሉ፤ እነዚህን ሁለት ማፋቀር። በጎን ደግሞ ዶን ጆን የሚባል ቂመኛ ሌላ ተንኮል ይሸርባል። ሂሮ በሠርጓ ዋዜማ ከሌላ ወንድ ጋር መስኮት ላይ እንደታየች አስመስሎ ክላውዲዮን ያሳምነዋል። ክላውዲዮ ሙሽራዋን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሰው ፊት ያዋርዳታል። መጨረሻው ሠርግ ነው። ኮሜዲ ነው አልኳችሁ እኮ።

እሺ። አንደኛ፣ ወረቀቱ።

ይህን ተውኔት መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው። የኔ ተራ የሚደርሰው ሌሊት ላይ ነበር። የገጹ ላይኛው ግማሽ ተውኔት ነው፣ ታችኛው ግማሽ የግርጌ ማስታወሻ። አንድ ቀልድ አነባለሁ፣ አይገባኝም። ዓይኔን ወደታች እልካለሁ። «ይህ ቃል በዚያ ዘመን ሌላ ትርጉም ነበረው» ይላል። ወደላይ እመለሳለሁ። ቀልዱ ሞቷል። አስከሬኑን አይቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። እንዲህ እያልኩ አንድም ጊዜ ጥርሴ ሳይታይ ጨረስኩት። ፈተናውን አለፍኩ። ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ግን አልሳቅኩም።

ዓመታት አለፉና እኔም በተራዬ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ከሰዓት ተማሪዎቼ ምሳቸውን በልተው እንቅልፍ ሲያንገላጅጃቸው ተናደድኩ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አስነሣሁ። ሁለቱ እንደማይዋደዱ አውቃለሁ። አውቄ ነው የመረጥኳቸው። «አንተ ቤኔዲክ፣ አንቺ ቢያትሪስ። ጮክ ብላችሁ አንብቡ» አልኩ። እንግሊዝኛቸው ይንገዳገዳል። ግን ልጅቷ የመጀመሪያውን መስመር ስትወረውር ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። መስመሩ በኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፦ «አሁንም እያወሩ ነው፣ ሲኞር ቤኔዲክ? ሰሚ እኮ የለዎትም።» ልጁ ቀበል አደረገና፦ «ውይ፣ እመቤት ንቀት! እስካሁን በሕይወት አሉ?» ክፍሉ ነቃ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር! ይሄማ ተረብ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ተረብ! እኔ ለስንት ዓመት ከግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ስፈልገው የነበረውን ነገር ልጁ በአንድ ቃል ገላገለኝ።

ተረብ ሕግ አለው። ታውቁታላችሁ። ቃሉን ከተቀበልክበት ቦታ ነው የምትመልሰው። የዘገየ ይሸነፋል። የተናደደ ይሸነፋል። ቢያትሪስና ቤኔዲክ በዚህ ሕግ ነው የሚጫወቱት። የተውኔቱ አብዛኛው ክፍል ደግሞ በግጥም ሳይሆን በዝርው የተጻፈ ነው። ለአፍ የተሠራ ነው። ስለዚህ እባካችሁ በዓይን ብቻ አታንብቡት! በአፍ አንብቡት። ሰው ከሌላችሁ ለግድግዳ አንብቡለት። ቢያትሪስ፣ «ወንድ እወድሻለሁ ብሎ ሲምልልኝ ከምሰማ ውሻዬ ቁራ ላይ ሲጮህ ብሰማ ይሻለኛል» ስትል፣ በዓይን ያነበበ ሰው ጎበዝ አባባል ነው ብሎ ያልፋል። በአፉ ያነበበ ግን አንድ ነገር ይጠረጥራል። ይቺ ልጅ ማን ምሎላት ነው እንዲህ የመረራት?

ቅኔ የምትወዱ ደግሞ ርዕሱን ልብ በሉ። በሼክስፒር ዘመን «ናቲንግ» የሚለው ቃል አነባበቡ «ኖቲንግ» ከሚለው ጋር ይቀራረብ ነበር። ናቲንግ ባዶ፣ ምንም ማለት ነው። ኖቲንግ ደግሞ ማየት፣ ልብ ማለት፣ ጆሮ መጣል። ሰሙ «በባዶ ጫጫታ» ነው። ወርቁ «በጆሮ ጠቢ የተነሣ ጫጫታ»። እውነትም ተውኔቱ ውስጥ ተደብቆ የማይሰማ ሰው የለም። ቤኔዲክ ተደብቆ ይሰማል። ቢያትሪስ ተደብቃ ትሰማለች። ክላውዲዮ በጨለማ ቆሞ ያያል። የከተማው ዘቦች ተጠግተው ይሰማሉ። የሚዋደዱትም የሚጣሉትም በወሬ ነው።

ዘቦቹን ካነሣሁ ዶግቤሪን ሳልጠቅስ አላልፍም። የዘቦች አለቃ ነው። ትልልቅ ቃል ይወዳል፣ ትልልቅ ቃል ግን አይወደውም። ክፉውን ሰው «ለዘላለም መዳን ትኮነናለህ!» ብሎ ይሰድበዋል። ሪፖርት ሲያቀርብ የሚለውን በኛ ቋንቋ ልሞክረው፦ «ሁለት ተጠራጣሪዎች ይዘናል።» ተጠርጣሪ ሊል ነው እንግዲህ። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ የዕድር ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ገንዘብ ያዋጣነውን ሰዎች «ስላደረጋችሁት አስተያየት እናመሰግናለን» ይልና፣ ቀጥሎ «አስተዋፅኦ ያለው እጁን ያውጣ» ይል ነበር። አንድ ሰው አላረመውም። ለምን ያርመዋል? የምንመጣው ለሱ ነበር።

ስለ ዶግቤሪ አንድ የምወዳት ነገር አለች። በ1600 በታተመው መጽሐፍ አንድ ትዕይንት ላይ፣ ዶግቤሪ ተብሎ መታተም ሲገባው «ኬምፕ» ተብሎ ታትሟል። ዊል ኬምፕ የዘመኑ ዝነኛ አስቂኝ ተዋናይ ነበር። ሼክስፒር ሲጽፍ ገጸ ባሕርዩን አይደለም ያየው፣ ጓደኛውን ነው። የኬምፕ ፊት እያየ ጻፈ፣ አታሚው እንዳለ አተመው። በወረቀት ላይ የቀረ የቲያትር ላብ ነው። እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ያው መጽሐፍ ሌላም ነገር አለው። ልብ በሉልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። በመጀመሪያው ትዕይንት ወደ መድረክ ከሚገቡት ሰዎች መካከል አንዲት ሴት አለች። ኢኖጀን ትባላለች፣ የሊዮናቶ ሚስት። የሂሮ እናት ማለት ነው። ትገባለች። ምንም አትናገርም። በሁለተኛው ገቢር እንደገና «ሚስቱ» ተብላ ብቻ ትገባለች። ምንም አትናገርም። ከዚያ ትጠፋለች። ልጇ በሠርጓ ቀን በአደባባይ ስትዋረድ የለችም። በኋላ የመጡ አርታኢዎች ሼክስፒር ረስቷታል ብለው ሰርዘዋታል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስላነበብኳት አልተሰረዘችልኝም። ልጇን ያጣች እናት ነች ወይስ ከነጭራሹ ያልነበረች? ወረቀቱ ዝም ይላል።

እና ምክሬ ይኸው። ተውኔት ስታነቡ ዝም የተባለበትን ቦታ ፈልጉ። ልብወለድ ያብራራል፣ የሰውየውን ሐሳብ ገብቶ ይነግራችኋል። ተውኔት የሰው ንግግር ብቻ ሰጥቶ ይተዋችኋል። እየሳቀች ነው ያለችው? እያለቀሰች? አልተጻፈም። ዝም የተባለበትን ቦታ ፈልጉ። ፊልም ሠሪው ገንዘቡን የሚያፈስሰው እዚያ ላይ ነውና።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ገባሁ።

ፊልሙን ያየሁት በቪዲዮ ካሴት ነው። ኬኔት ብራና በ1993 የሠራው ነው። ራሱ ቤኔዲክን ይጫወታል። ቢያትሪስን ኤማ ቶምፕሰን። በጊዜው ባልና ሚስት ነበሩ። ጣሊያን አገር፣ ቶስካና ውስጥ በአንድ አሮጌ ቪላ ነው የተቀረጸው። ፀሐይ፣ ነጭ ልብስ፣ ወይን፣ በፈረስ የሚጋልቡ ወንዶች። ሥዕሉን ሳየው መጀመሪያ ደነገጥኩ። ያ የሌሊት መጽሐፍ ይሄ ነው?

እናቴ አጠገቤ ነበረች። እማዬ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም። ጥጥ እየፈተለች ነው የምታየው። ቢያትሪስና ቤኔዲክ መጀመሪያ ሲተራረቡ እንዝርቷን አቆመችና፣ «ይቺ ልጅ ትወደዋለች» አለች። «እማዬ፣ እየሰደበችው እኮ ነው» አልኳት። «አፏን ተይው። እሱ ወዲያ ሲዞር አየሽ ዓይኗን?» አለችኝ። ለካ እኔ የግርጌ ጽሑፍ እያነበብኩ ነው! ከስንት ዓመት በኋላም ዓይኔ ገጹ ሥር ነበር። ካሴቱን ወደኋላ መለስኩት። እውነቷን ነው። ወዲያ ሲዞር የቢያትሪስ ፊት ላይ የሆነ ነገር ያልፋል። ያንን ሼክስፒር አልጻፈውም። ቦታውን ነው የተወላት።

ዴንዘል ዋሽንግተን ደግሞ አለ። የነክላውዲዮን አለቃ፣ ልዑል ዶን ፔድሮን ሆኖ። ልጆች፣ ዴንዘልን ለማየት ብቻ ፊልሙን ብታዩት አልቀየማችሁም። አንድ ቦታ ላይ ቢያትሪስ ሁሉም ሰው እያገባ እኔ ብቻ ቀረሁ ብላ ስትቀልድ፣ ልዑሉ ድንገት «እኔን ያገቡኛል?» ይላታል። መልሷን ስሙ። እንግሊዝኛው «ለሥራ ቀን ሌላ ካልጨመሩልኝ አላገባም፤ እርስዎ በየቀኑ ለመልበስ በጣም ውድ ነዎት» ነው የሚለው። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ፦ «ለአዘቦት ሌላ ባል ካላገኘሁ አይሆንም፤ እርስዎ የክት ነዎት።» የክት! እናቴ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነጠላ አላት፤ ለጥምቀት፣ ለሠርግ። ልዑሉን እዚያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ጥያቄው ግን ልዑሉ እየቀለደ ነው ወይስ ከልቡ? ወረቀት ላይ ሁለቱንም ይሆናል። ዴንዘል ከልቡ ያደርገዋል። ፊቱ ላይ ጨዋ ሰው ሲከፋው የሚያሳየው ዓይነት ፈገግታ አለ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተጋብቶ ቤኔዲክ ልዑሉን፣ «አዝነሃል፤ ሚስት አግባ» ይለዋል። ልዑሉ ምን መለሰ? ምንም። ወሬ ነጋሪ ይገባና ነገሩ ይዞራል። ያንን ዝምታ ሃያ ጊዜ አልፌዋለሁ። ያሳየኝ ፊልሙ ነው።

ግን ፊልም የሚሞላው ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ያን የመስኮት ነገር ውሰዱ። ክላውዲዮ ሙሽራዋ ሌላ ወንድ አቀፈች ብሎ ያመነበት ሌሊት በተውኔቱ ውስጥ አይታይም። ሰዎች ሲያወሩት ብቻ ነው የምንሰማው። ብራና ግን አሳየው። መስኮቱ፣ ጥላው፣ የክላውዲዮ እንባ። ያየ ሰው «አይ፣ ምን ያድርግ፣ አይቶ ነው እኮ» ይላል። አሳዘነው። እኔ ይሄ ስጦታ አይገባውም ባይ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ክላውዲዮን የሚያድነው ነገር የለም። በሩቅ፣ በጨለማ አይቼ ነው ብሎ አንዲትን ልጅ በአባቷ ፊት በቁሟ ይገድላታል። ብቻዋን ጠርቶ አልጠየቃትም። መጨረሻ ላይ ያገባታል፤ እኔ ግን ይቅር ብዬው አላውቅም። ባለቤቴ ወንዶቹ ያኔ እንዲያ ነበሩ ይለኛል። ቤኔዲክስ? እሱም ያኔ ነበረ እኮ!

ሌላው ፊልም የጆስ ዊደን ነው። ጥቁርና ነጭ። ሳንታ ሞኒካ ባለው በራሱ ቤት ውስጥ በ12 ቀን ቀረጸው። በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ልብሱ የዛሬ ነው፣ ስልክ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ቋንቋው ግን የሼክስፒር። ከእህቴ ልጅ ጋር በላፕቶፕ ነው ያየነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያወሩት?» ስትለኝ ቆየች። ከዚያ ረሳችው። ቢያትሪስ ተደብቃ ስትሰማ ከደረጃ የምትወድቅበት ቦታ ላይ ሻይዋን ደፋችብኝ።

ዊደን ግን ከመጀመሪያው ነው የሚያስገርመው። ፊልሙ ያለ ቃል ይከፈታል። ማለዳ ነው። ወንዱ ለብሶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሴቷ የተኛች መስላ ትቀራለች። ቤኔዲክና ቢያትሪስ ናቸው። ከየት አመጣው? ከሁለት መስመር። በመጀመሪያው ተረብ መጨረሻ ላይ ቢያትሪስ፣ «ድሮም አውቅዎታለሁ» ትላለች። በኋላ ልዑሉ የቤኔዲክን ልብ አጥተሻል ሲላት፣ «ልቡን ለጥቂት ጊዜ አበድሮኝ ነበር፤ እኔም ወለዱን ከፈልኩት፤ ለአንድ ልቡ ድርብ ልብ ሰጠሁት» ትላለች። አያችሁ? ተከድታለች። ያ ሁሉ ተረብ የቆየ ቁስል ነው። መቼ፣ የት፣ ምን ያህል? ወረቀቱ ዝም። ዊደን አንድ ማለዳ ሰጠው። የኔ ቢያትሪስ ግን እንደዚያ አይደለችም። የኔዋ የተከዳችው በደብዳቤ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ? ምንም። የናንተዋ ደግሞ ሌላ ትሆናለች።

ስለ ሌሎቹ አላስረዝምም። በ2023 ሆሊውድ ቋንቋውን ጥሎ ተንኮሉን ብቻ ወስዶ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ላይ ሠርግ ሠርቶበታል። ቅዳሜ ማታ ድካም ላለበት ሰው አይከፋም።

ይልቅ ስለ ተንኮሉ ልንገራችሁ። ጓደኞቹ ቤኔዲክ ተደብቆ እንዲሰማ አድርገው፣ «ቢያትሪስ በፍቅሩ ልትሞት ነው» ያወራሉ። እሱም ያምናል! ቀጥላ ቢያትሪስ መጥታ፣ «በግዴ ተልኬ ነው ራት ይቅረቡ የምልዎ» ትለዋለች። እሷ ከሄደች በኋላ ብቻውን ቆሞ፣ «በዚህ ውስጥ ሁለት ትርጉም አለ» ይላል። ሰምና ወርቅ አገኘበት እኮ! ከ«ራት ይቅረቡ» ውስጥ!

ሳቁ፣ ሳቁ። ግን ያስተማርኩበት አንድ ቦታ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ እሷ ከጀርባችን መኖሯን ሳናውቅ፣ «እሱ እኮ ስለ እሷ ክፉ ሲወራ አይወድም» ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት እኔ እንጃ። በሳምንቱ «እንደምን አደርክ» አለችው። ዛሬ ሦስት ልጅ አላቸው። ሰው የሚወድህን ከመውደድ የቀለለ ምን ነገር አለ?

አሁን ሦስተኛው። ውሃ ልጠጣ።

ሦስተኛው አንድ ትዕይንት ነው፣ አራተኛው ገቢር ላይ። ሂሮ ተዋርዳ ወድቃለች። ቄሱ ሞታለች ብላችሁ አስወሩ ብሎ መክሯል። ሁሉም ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሁለት ሰው ቀርቷል። ቢያትሪስ እያለቀሰች ነው። ቤኔዲክ እንደሌሎቹ ወንዶች አልሄደም። ቆሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረብ የለም።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ አንባቢ ዛሬ የሚያመልጠው ነገር አለ። እኛን አያመልጠንም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ እንደኛ አንተና እርስዎ ነበረው። ቤኔዲክ ትዕይንቱን በ«እርስዎ» ይጀምራል፦ «እመቤት ቢያትሪስ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅሱ ነበር?» ጥቂት ቆይቶ ደፈር ይልና፣ «በሰይፌ እምላለሁ፣ ቢያትሪስ፣ ትወጂኛለሽ» ይላል። ትወጂኛለሽ! እርስዎ ቀረ። እሷ ግን በዚህ ትዕይንት «እርስዎ»ን አልለቀቀችም። «በልቤ ሁሉ ስለምወድዎ ለመማል የተረፈ ልብ የለኝም» ስትለው እንኳ «እርስዎ» ናት። «አንተ» ያለችው ቀደም ሲል፣ ተደብቃ ሰምታ ብቻዋን በቀረች ጊዜ ነው። ለአየሩ ነው «አንተ» ያለችው። ይህንን በዛሬው እንግሊዝኛ እንዴት ታሳያላችሁ? ፊልሞቹ ድምፅና ፊት አላቸው፣ ይህን ግን ማሳየት አይሆንላቸውም። አማርኛ ግን በአንዲት ፊደል ያሳየዋል። እኔ ቁጭ ብዬ ለራሴ መተርጎም የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ቤኔዲክ በደስታ ሰክሮ፣ «በይ እዘዢኝ፤ ለአንቺ የማላደርገው ነገር የለም» ይላታል። እሷም ትመልሳለች። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው። በአማርኛም ሁለት ቃል።

«ክላውዲዮን ይግደሉልኝ።»

«ይግደሉት» ብዬ ጽፌ ነበር መጀመሪያ። ሰረዝኩት። «ይግደሉልኝ»። ያቺ «ልኝ» ሁሉንም ነገር ይዛለች። እርስዎ የሚወዱኝ ከሆነ፣ እኔ ሴት ሆኜ ሰይፍ ካልያዝኩ፣ የአክስት የአጎት ልጄን ደም ማን ይመልስልኝ? ቀጥላ፣ ወንድ ብሆን ኖሮ ልቡን ገበያ መሐል እበላው ነበር ትላለች። ኮሜዲ ውስጥ ነው ይሄ! አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ሲነገሩ ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ጋ ፀጥ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኤማ ቶምፕሰን በዚያች ትንሽ ጸሎት ቤት ስትላት እማዬ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። «ምን አለችው?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ደግ አደረገች» አለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ጋሼን እጠራለሁ። ተውኔቱ መጨረሻ ላይ ሁለቱ በሰው ፊት መዋደዳቸውን ሊክዱ ሲሉ፣ በየግላቸው የጻፉት የፍቅር ግጥም ከኪሳቸው ይወጣል። ቢያትሪስ አሁንም ስትመልስ፣ ስትመልስ፣ አንድ ሰው «ዝም! አፍሽን ልዝጋው» ይላል። ማን ነው ያለው? በድሮዎቹ እትሞች ሊዮናቶ ነው፤ አጎቷ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አርታኢ ይሄማ የቤኔዲክ ነው ብሎ መሳም ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ይስማታል። ብራናም ሳማት። ደስ ይላል፣ አልክድም።

ግን ከዚያ በኋላ ቢያትሪስ እስከ ተውኔቱ ፍጻሜ አንድ ቃል አትናገርም። ሂዱና ቁጠሩ። ቤኔዲክ ያወራል፣ ክላውዲዮ ያወራል፣ ወሬ ነጋሪው ያወራል። ተረብ ንግሥቷ ዝም። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በራሱ መጽሐፍ ላይ ከርዕሱ አጠገብ «ቤኔዲክና ቢያትሪስ» ብሎ በእጁ ጽፏል። ለሱ ተውኔቱ የሁለቱ ነበር። የሁለቱ ከሆነ እሷ ለምን ዝም አለች? ደስ ብሏት? አፏ ተዘግቶ? ወይስ እንደ ኢኖጀን ሚስት ስለሆነች? በየዓመቱ መልሴን እቀይራለሁ። ዘንድሮ እየሳቀች ነው እላለሁ።

ሰዓቱ ደርሷል፣ አየሁ። ግን ሳታነቡ አትሄዱም። የቤተ ክርስቲያኑን ትዕይንት የተረጎምኩት እዚህ አለ፣ ሁለት ቅጂ። ጋሼ፣ ቤኔዲክ እርስዎ ነዎት። አይ፣ ዕድሜ ምንም አይደል፤ መነጽርዎን ያድርጉ። ቢያትሪስ ደግሞ… አንቺ። አዎ አንቺ፣ ከኋላ፣ «ደግ አደረገች» ስል ያጨበጨብሽው። ነይ እስቲ። ቁሚ እዚህ። እሱን አትይው መጀመሪያ። ወለሉን እይ፣ እያለቀስሽ ነው። ሌሎቻችሁ ፀጥ በሉልኝ። በሉ ጋሼ፣ ከላይ ነው፦ «እመቤት ቢያትሪስ…»